አምና የወሰድኩለት ስጦታ ዓሣዎቹን ጨረሰበት፤ ዘንድሮ ለገና ምን ይዤ ልሂድ?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። 26 ዓመቴ ነው፣ እዚሁ ተቀጥሬ እሠራለሁ። እናትና አባታችን በልጅነቴ ስላረፉ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድም ጋሼ ነው የምለው። እሱ የሚኖረው ደሴ ነው፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ሚስቱ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ሙስሊም ናት። ስለዚህ እነሱ ቤት ገናም ኢድም እኩል ይደምቃል።

ወንድም ጋሼ አኳሪየም አለው። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን የተቀመጠ፣ 100 ሊትር ገደማ የሚይዝ። ሦስት ጎልድፊሾች ነበሩት፣ አራት ዓመት አኑሯቸዋል። ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው። ጎረቤት «መቼ ነው የሚጠበሱት?» እያለ ይቀልድበታል፤ እሱ ግን ግድም የለው።

አምና ለገና አንድ ሰው ከአዲስ አበባ አምጥቶ ሲሸጥ አገኘሁና አምስት ትንንሽ ባለቀለም ዓሣ ገዛሁለት። በላስቲክ ውስጥ ከነውሃቸው እኔ ክፍል አደሩ። በማግስቱ በሚኒባስ ደሴ ወሰድኳቸው። ወንድም ጋሼ ለዋዜማው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነበር። ሰርፕራይዝ ላደርገው ብዬ ላስቲኩን ፈትቼ ከነውሃው አኳሪየሙ ውስጥ ገለበጥኩት። ሌሊት ሲመለስ አየና ግንባሬን ሳመኝ። በሳምንቱ ገደማ ጨው የተነሰነሰባቸው ይመስል ነጭ ነጭ ነገር ወጣባቸው። ወር ሳይሞላ አምስቱም አለቁ፣ ከነባሮቹም ሁለቱ ሞቱ። አንድ ብቻ ቀረ። እኔ ነኝ የገደልኩበት። ስደውልለት «አብሽሪ፣ ዓሣ ነው እኮ» አለኝ። እትዬ ግን በኋላ እንደነገረችኝ አንድ ወር ሙሉ የአኳሪየሙን መብራት አላበራም።

አሁን ገና እየደረሰ ነው። 5 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። እኔ የሞቱትን ልተካለት አስቤ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ «እናዋጣልሽና ትልቅ አዲስ አኳሪየም ግዢለት» ይላሉ። እትዬ «ይሄን ብር ለዓሣ አታውጪ፣ ጋቢ ግዢለት» አለችኝ። ትንሹ ልጃቸው ደግሞ ሐይቅ ሄደን እናጥምድለት ይላል። ግራ ገባኝ። ወይስ ጭራሽ ባዶ እጄን ልሂድ?

የወንድም ጋሼ እህት፣ ከኮምቦልቻ

*

እህቴ፣ አብሽሪ።

ደሴ ስላደግኩ ይሄ ቃል ከእኔም አፍ አይጠፋም። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ግን ትንሽ አሰብኩበት። እኛ አገር «አብሽሪ» ብዙ ነገር ነው። «ምንም አልሆነም» ማለት ይሆናል። «ሆኗል፣ ግን አልተቀየምኩሽም» ማለትም ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ «አሁን ስለሱ ባናወራ ይሻላል» ማለት ነው። ወንድም ጋሼ የቱን ነው ያለሽ? ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ከደብዳቤሽ እንደገባኝ ያ ስልክ ከተዘጋ ወዲህ ስለ ዓሣዎቹ አንድ ቃል አልተነጋገራችሁም። ስጦታ መምረጡን እንዲህ ያከበደብሽ ይሄ ይመስለኛል።

«እኔ ነኝ የገደልኩበት» ብለሻል። እኔም ገድያለሁ። ከዓመታት በፊት ትንሽ አኳሪየም ነበረኝ። ለፋሲካ ቤት ሳጸዳ የፊልተሩ ስፖንጅ አስጠላኝና አውጥቼ በዱቄት ሳሙና አሽቼ አጠብኩት። ጥርት አለልኝ፣ ደስ አለኝ። በጥቂት ቀን ውስጥ ዓሣዎቹ ከላይ ተንሳፍፈው አየር ሲያሳድዱ አገኘኋቸው። ያ ቡናማ ዝቃጭ ቆሻሻ መስሎኝ ነበር። ለካ ዓሣዎቹ የሚያስወጡትን አሞኒያ እየበሉ ውሃውን የሚያክሙት ባክቴሪያዎች መኖሪያ ኖሯል። ስፖንጅ የሚታጠበው ከራሱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው፣ ያውም ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ብቻ። ማን ነገረኝ? ማንም። አንቺንም ማንም አልነገረሽም። የሸጠልሽ ሰውዬ እንኳ አልነገረሽም።

የጻፍሽው ምልክት ነጭ ነጠብጣብ የሚባለውን በሽታ ይመስላል። ባለ አኳሪየሞች «አይክ» ይሉታል። ጥገኛ ተውሳክ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ዓሣ ወይም አብሮት ከመጣው ውሃ ጋር ይገባል። ድካምና ድንጋጤ ያገኘው ዓሣ ደግሞ መቋቋም ያቅተዋል። የአንቺዎቹ እኮ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ድረስ መጥተው፣ በላስቲክ አድረው፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ወጥተው፣ በታህሳስ ብርድ ማሞቂያ የሌለው ውሃ ውስጥ ነው የገቡት። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አንቺ ራስሽ ሹራብ ሳትደርቢ አትሄጂም። እነዚያ ትንንሽ ባለቀለሞች አብዛኞቹ የሞቃት አገር ዓሣዎች ናቸው፣ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ውሃ ይፈልጋሉ። ጎልድፊሽ ነው ብርድ የሚችለው።

ይሄን የምዘረዝርልሽ ፀፀትሽን ላባብስብሽ ብዬ አይደለም። አንድ ነገር እንድታዪልኝ ነው። ወንድምሽ አራት ዓመት ዓሣ ያኖረ ሰው ነው። ያን ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ አምስት እንግዳ ዓሣ ከነባሮቹ ጋር ተደባልቀው ሲዋኙ ሲያይ፣ ምን ሊመጣ እንደሚችል ሳይጠረጥር አይቀርም። ጠርጥሮም ግንባርሽን ሳመ።

ወደ ስጦታው እንምጣ። ነፍስ ያለው ነገር በሰርፕራይዝ አይሰጥም፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። የሞቱትን መተካት ማሰብሽ ከልብሽ መሆኑ ይገባኛል። ግን ወንድም ጋሼ እንደገና ሊጀምር ይፈልጋል? ወይስ ያን የቀረውን አንዱን እየተንከባከበ በዚያው ሊያበቃ ነው? ይሄን ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። መብራቱን አንድ ወር ያጠፋ ሰው ነው። አሁን ያበራዋል? ሲገባስ እንደ ድሮው ጫማውን ሳያወልቅ ያየዋል? ስትሄጂ ልብ ብለሽ እዪ።

ትንሹ ልጅ አሳቀኝ። እኔም በሱ ዕድሜ ጠርሙስ ይዤ ሐይቅ ዳር ቆሜያለሁ። ግን ቆሮሶ፣ ያው የሐይቁ ቲላፒያ፣ አድጎ ከ30 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ የሚችል፣ ሲያድግም ጎረቤቱን የሚያሳድድ ዓሣ ነው። ደግሞ ከሐይቅ የወጣ ዓሣ ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ አታውቂም፣ የአምናው ይበቃሻል። ደስ የሚለው ነገር፣ ቆሮሶ ራሱ እዚያ ውሃ ውስጥ እንግዳ ነበር፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1978 ነው ሰው አምጥቶ የጨመረው። እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤት ሆነ። ለልጁ ይሄን ንገሪው፣ በዚያው ደግሞ የአኳሪየም ዓሣ የሰለቸው ሰው ወስዶ ሐይቅ ወይም ቦርከና ወንዝ ውስጥ እንደማይለቅ ንገሪው። አንዴ ከገባ ማን ያወጣዋል?

የባልደረቦችሽ ምክር ደግሞ ደግ ነው፣ ሰው ማዋጣቱ በራሱ ደስ ይላል። ግን 200 ሊትር ውሃ ብቻውን ሁለት ኩንታል ነው። መስታወቱና ጠጠሩ ሳይቆጠር። ያን አስጭነሽ በር ላይ ብትቆሚ ወንድምሽ ከመሳቁ በፊት «የቱ ጠረጴዛ ይችለው ይሆን» ብሎ ነው የሚያስበው። አዲስ ገንዳ ደግሞ ዛሬ ተሞልቶ ዛሬ ዓሣ አይገባበትም፤ እነዚያ ያልኩሽ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ለአንድ ዓሣ 100 ሊትሩ አላነሰውም። ይሄ ይቅር።

እትዬ ጋ ትንሽ ልቆይ። «ጋቢ ግዢለት» ስትል የምታወራው ስለ ጋቢ ብቻ ነው? አኳሪየም ያለበት ቤት ውስጥ ዓሣዎቹን ሳትመርጥ አብራቸው የምትኖር ሰው አለች። ባልዲው ሳሎን መሃል ሲቀመጥ፣ ምንጣፉ ሲረጥብ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰሞን ለልብስ ያጠራቀመችው ለዓሣ ሲሄድ የምታየው እሷ ናት። የአኳሪየም ውሃ በየሳምንቱ ሩቡ ያህል መቀየር አለበት። ከ100 ሊትር ሩቡ ባለ 25 ሊትር ጄሪካን ሙሉ ነው፣ በየሳምንቱ! እስቲ ደውይላትና «እትዬ፣ ከዚያ አኳሪየም የቱ ነው የሚያማርርሽ?» በያት። ስትመልስልሽ አታቋርጫት፣ ለወንድምሽም ጠበቃ አትቁሚ። ምናልባት ችግሩ ከዓሣው ጋር ምንም አይገናኝም። ከሱ ጋር የምትቀመጥበት ሰዓት አጥሯት ይሆናል። እሱን ደግሞ አንቺ ገዝተሽ የምታመጪው ዕቃ አይፈታውም።

ባልዲው ከሆነ ያማረራት ግን መላ አለው። ጠጠር ማጽጃ የሚባል ረጅም ቱቦ አለ፣ አንዱ ጫፉ ሰፋ ያለ። ጠጠሩ ውስጥ ሲያስገቡት ቆሻሻውን ከውሃው ጋር ይስባል፤ ሌላው ጫፍ በመስኮት ወጥቶ ግቢ ይደርሳል። ባልዲ ቀረ ማለት ነው። የሚወጣው ውሃ ደግሞ ለጎመንም ለአበባም ጥሩ ነው፣ እትዬ ጓሮ ካላት ታመሰግንሻለች። ስትገዢ ርዝመቱን ከአኳሪየሙ እስከ መስኮቱ ለክተሽ ግዢ። አጭር ከሆነ ባልዲው ተመልሶ መጣ።

ለወንድም ጋሼ ግን እኔ ብሆን መጀመሪያ የምገዛው በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ነው። ከሁሉም ከሁሉም። መብራት ሲጠፋ ፊልተሩ ይቆማል፣ ውሃው ዝም ይላል፣ ኦክስጅኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ጎልድፊሽ ደግሞ ኦክስጅን በብዛት የሚፈልግ ዓሣ ነው። እነሱ ቤት አምሽተሽ መብራት ሲጠፋ ወንድምሽ ምን ሲያደርግ አይተሻል? እኔ አንድ የማውቀው ሰው ሻማ አብርቶ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ከገንዳው በጣሳ እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ሲያፈስ ያመሽ ነበር። ሚስቱ ቡና እንዲያበርድ ያዘዘችው ይመስል። ይሠራል እኮ፣ ውሃው ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል። ግን እስከ ስንት ሰዓት? ፓምፑ ይሄን ሥራ ይቀበለውና ሰውየው ይተኛል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አለ፣ በዩኤስቢ ከፓወር ባንክ የሚሠራም አለ። እኔ የፓወር ባንኩን እመርጣለሁ፣ መብራት ሲመጣ መልሶ ይሞላል። ቱቦውና አረፋ የምታወጣው ድንጋይ አብረው መኖራቸውን አረጋግጪ። ፓምፑ ከውሃው ከፍታ በላይ ይቀመጥ፣ አለዚያ ሲቆም ውሃው በቱቦው ተመልሶ ይገባበታል። መብራት ጠፍቶ ሳለ ደግሞ ምግብ አይሰጥም፤ አንድ ቀን ያልበላ ዓሣ ምንም አይሆንም።

ሌላው ትንንሽ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለው ቴርሞሜትር። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን የሚያጠፋ ጠብታ፤ አሁን ምናልባት ውሃውን አንድ ቀን ክፍት አስቀምጦ ይሆናል የሚጠቀመው። የውሃ መመርመሪያም ደስ ይለዋል። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆናቸውን በቀለም ያሳያል፣ ጊዜው እንዳያልፍበት ብቻ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቀን እዪ። ማሞቂያ ግን አሁን አትግዢ። ለጎልድፊሹ አያስፈልገውም፤ ባለቀለሞቹን እፈልጋለሁ ካለ ያኔ ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ያህል አስቢ፣ ለዚያ ገንዳ 100 ዋት። ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ከአዲስ አበባ ሰው ልታስመጪ ከሆነ አስቀድመሽ አስጠይቂ።

አሁን ዋናው። ከገና በፊት አንድ ቅዳሜ ደሴ ውጪ። በዓሉን አትጠብቂ፣ በበዓል ቀን ቤቱ በሰው ይሞላል፣ እንዲህ ዓይነት ወሬ አይወራም። ስትሄጂ አንድ ሰፊ የላስቲክ ሳፋ ገዝተሽ ያዢ። አዎ፣ ሳፋ። አዲስ፣ ሳሙና ያልነካው። አዲስ ዓሣ ሲመጣ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ለብቻው አየር እየገባለት፣ ውሃው ቶሎ ቶሎ እየተቀየረለት ሦስት አራት ሳምንት የሚቆየው እንዲህ ያለ ዕቃ ውስጥ ነው። በሽታ ካለበት እዚያው ይታያል፣ እዚያው ይታከማል። ቡናው ሲደርስ ሳፋውን ስጪውና «ወንድም ጋሼ፣ አምና ይሄ ነበር መቅደም የነበረበት። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፣ ይቅር በለኝ» በዪው። ሌላ አትጨምሪ። ለማስረዳት አትሩጪ። እሱ መቼም ወሎዬ ነው፣ «አብሽሪ» ማለቱ አይቀርም። ያኔ «የትኛውን አብሽሪ?» ብለሽ ጠይቂው። ወይ ይስቃል፣ ወይ ይነግርሻል።

ከዚያ ምን እንደሚፈልግ ጠይቂው። ሰርፕራይዙ ይቅር፣ አምና ይበቃል። «ልቀጥል ነው» ካለ ፓምፑንና ቱቦውን ለገና ውሰጂ። ዓሣ ለኢድ ይድረስ። ያኔ አብራችሁ ሄዳችሁ እሱ ራሱ ይምረጥ፤ አንቺ ላስቲኩን ያዢለት። እቤት ሲደርስ ላስቲኩ እንደታሰረ ሳፋው ላይ ሩብ ሰዓት ይንሳፈፍ፣ ሙቀቱ ይስተካከል። ዓሣው በመረብ ይወጣል፣ የላስቲኩ ውሃ ይደፋል። ከዚያ ሳፋው ውስጥ ወሩን ይጨርሳል። «በቃኝ፣ ይሄ አንዱ ይበቃኛል» ካለ ደግሞ አትከራከሪው። ጋቢውን ግዢ። የደሴን ታህሳስ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እትዬም አልተሳሳተች።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ደግሞ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከበዓል ውጪ ስንት ጊዜ ትሄጃለሽ? በወር አንድ ቅዳሜ ሄደሽ ውሃውን አብራችሁ ብትቀይሩስ? ያሳደገሽ ሰው ነው፣ ምን ያህል እንደሚደሰት ከእኔ አንቺ ታውቂዋለሽ። እትዬም ያን ቅዳሜ ጄሪካን አትሸከምም።

ስለ በዓሉ ቀን ሁለት ነገር ልበልና ላብቃ። ቤቱ ሲጸዳ ፍሊት ሳሎን ውስጥ እንዳይነፉ፤ ለዓሣ መርዝ ነው፣ የአየር ፓምፑ ደግሞ የክፍሉን አየር ስቦ ቀጥታ ውሃው ውስጥ ያስገባዋል። በዚሁ ምክንያት የእጣኑ ማጨሻም ከፓምፑ ራቅ ይበል። እንግዳ ሲበዛ ደግሞ ልጆች ድፎ ዳቦ እየቆረሱ ገንዳው ውስጥ ይጥላሉ፣ አዋቂውም ይጥላል፣ ሁሉም «ትንሽ ነው» ይላል፣ ማታ ውሃው ወተት ይመስላል። ትንሹን ልጅ ዘበኛ አድርጊው። ለዘበኛነቱ ደመወዝ አንድ ብልቃጥ ኮምጣጤ ስጪውና ለአኳሪየሙ የሚያማምሩ ድንጋዮች ይልቀም። ጠብ ሲያደርግበት አረፋ ያወጣውን ኖራ ስላለበት ይጥለዋል፣ ዝም ያለውን ያለ ሳሙና በቡሩሽ ፈትጎ ለአባቱ ይሰጠዋል። የሱ የገና ስጦታ በዚያ አለቀለት።